ማርታን ለማስታረቅ የመጡ ሽማግሌዎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ነቀምቴ ባለው የመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ኬክ ተቆረሰልኝ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፣ ወጣቱ ኃላፊያችንም ተነስቶ «አዴ አልማዝ ዕድሜዋን ሙሉ መጻሕፍት ስትጠብቅ ኖራለች» አለ። ልጁ ቅን ነው፤ ሊያመሰግነኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን በሆዴ «ለመጠበቁማ ዘበኛው ይበቃ ነበር» አልኩ። መጽሐፍ እግር የለው፣ የት ይሄዳል? የእኔ ሥራ ሌላ ነበር። ለሴቶች ልብ ወለድ አነብ ነበር። በአማርኛ የተጻፈውን በአፋን ኦሮሞ እየመለስኩ፣ ከባሕር ማዶ የመጣችውን ሴት አምጥቼ ወለጋ መሐል አስቀምጣት ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ ያዳምጣል ይሉኛል። ያዳምጥ፣ ምን ከፋኝ። ግን ስልክ ሲከራከሩት አይመልስም። እኛ ዘንድ ክርክሩ ከንባቡ ይበልጥ ስለነበር፣ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከሸዋ ነቀምቴ የመጣ ሰው ነው። ቤታችን አማርኛ፣ ደጃችን ኦሮምኛ ነበር። ሁለቱንም አፍ ሳልማር አወቅኳቸው፤ በኋላ እንጀራዬ የሆነውም ይኸው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነቀምቴ ቤተ መጻሕፍት በረዳትነት ስቀጠር አለቃዬ አዴ አያንቱ ነበረች፤ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቋን የምትቆጥብ፣ የወንጌላውያን ትምህርት ቤት አስተማሪ የነበረች ሴት ናት። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማንበብ ለማይችሉና ማንበብ ለጀመሩ ሴቶች ክፍሉን ትከፍት ነበር። ገበያ ውላ የደከመችውም፣ ሆስፒታል ጽዳት የምትሠራውም ትመጣለች።

አዴ አያንቱ በሩ ላይ ውሃና ሳሙና ታስቀምጣለች። እጇን ሳትታጠብ የምትገባ ሴት የለችም። እኔ መጽሐፉ እንዳይቆሽሽ መስሎኝ «እኛ አይደለን የምናነበው፤ እነሱ መጽሐፉን አይነኩት፣ ለምን ይታጠባሉ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ለመጽሐፉ አይደለም፣ ኢንተሎ» አለችኝ። ልጅቷ ማለቷ ነው፤ ፀጉሬ እስኪሸብት ድረስ ከዚህ ሌላ ስም አልሰጠችኝም። «ሴቲቱ እዚህ ስትደርስ ልቧ ገና እቤቷ ነው። እጇን ታጥባ እስክታደርቅ ልቧም ይደርሳል።»

ስታነብ ትቆማለች እንጂ አትቀመጥም። አንዱን ዓረፍተ ነገር በዓይኗ ትወስድና ቀና ብላ ሴቶቹን እያየች በኦሮምኛ ትናገረዋለች። ያላዩትን ነገር በሚያውቁት ትተካለች። በረዶ ያለበት አገር ከሆነ ውርጭ ትለዋለች፤ ባቡር ከሆነ አውቶቡስ። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህ ደራሲውን መበደል መስሎኝ እከፋ ነበር። «ደራሲው ቤቱ ነው ያለው» ትለኛለች። «ሴቶቹ ናቸው እዚህ ያሉት።» ነጻነት የሚለውን ቃል ስተረጉም ግራ ገባኝና አንድ ቀን ተቸገርኩ፤ በኦሮምኛ ያለው ቃል የስብሰባ ቃል ሆኖ፣ ሴቶቹ ሲሰሙት በሩን ያያሉ። አዴ አያንቱ «ኦፍ ዳንዳኡ በይው» አለችኝ። ራስን መቻል ማለት ነው። ያን ስል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ራስን መቻልማ የየቀኑ ነገራቸው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንቧ ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። እዚያ ስትደርስ መጽሐፉን ትዘጋለች። እያንዳንዷ ሴት ታሪኩ እንዴት ማለቅ እንዳለበት የራሷን ትናገራለች፤ ሁሉም ሳይናገሩ መጨረሻው አይነበብም። የማትናገር ካለች እስከሚቀጥለው ሐሙስ ይጠበቃል። «መጨረሻውን ቀድመሽ ከሰጠሻቸው የደራሲውን ይዘው ይሄዳሉ» ትለኝ ነበር። «ካቆየሽው የሆዳቸውን ያወጣሉ።»

በእነዚያ ዓመታት የስንቱን አገር ሴት አወቅን! ሩዝ የሚያበቅሉ፣ ግመል የሚነዱ፣ በረዶ የሚጠርጉ። አንዷን አማቷ ታስጨንቃታለች፣ አንዷን አባቷ ይሸጣታል፣ አንዷን ደግሞ ጨዋ ባሏ «አንቺ ምን አጎደልኩብሽ?» እያለ ቤት ያስቀምጣታል። ሴቶቻችን ይህን ሦስተኛውን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። «ካላጎደለባት ምን ሆና ነው?» ይላሉ። ሲገባቸው ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝናቸው እሱ ሆነ። በየትኛውም አገር መጽሐፍ ሴቲቱ ቤቷን ጥላ ስትወጣ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጆቹንስ ለማን ትታ?» ደራሲው ይህን ካልመለሰ ይቆጡታል። ብዙዎቹ ደራሲዎች አይመልሱም። ለእኔ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ በመጽሐፍ ውስጥ ሴት ነጻ ለመውጣት አገር ለቃ ትሄዳለች፣ የእኛ ሴቶች ግን የሚመኙት እዚያው ቤታቸው፣ እዚያው ጎረቤታቸው መሐል ሆነው ራሳቸውን መቻል ነው። የቱ እንደሚከብድ አንባቢ ይፍረድ።

ከነቀምቴ ወደ ቢላ ተዛወርኩ። የቢላው አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። መጽሐፍ ከመውደዱ የተነሳ ጥሩ ጥሩዎቹን በቁም ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። «ይበላሻሉ፣ አዴ አልማዝ» ይለኛል። መስክ ሥራ ሲወጣ ቁልፉም አብሮት መስክ ይወጣል። እዚያ ዓመታት ስኖር ያነበብኩላቸው መጥፎ መጥፎውን ነው ብል ሐሰት አይሆንም። ደመወዝ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ወር ሳይሞላ ያልቃል፣ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። ከዚያ ጉቴ ተመደብኩ። ጉቴ ለነቀምቴ ቅርብ ናት፤ በሚኒባስ ደርሶ መመለስ ይቻላል። አንዲት የንባብ ክፍል፣ ጥቂት መደርደሪያ፣ ቁልፉም በእኔ እጅ።

የዚያን ጊዜዎቹ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልጉኝ ግን ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ዘይነባ ነች። ወላጆቿ ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ። ሐሙስ የሰማችውን ቅዳሜ ገበያ ላይ ለደንበኞቿ ሁሉ ትተርካለች፤ ያውም በኦሮምኛ በወሎ ዜማ። ሁለተኛዋ ደሚቱ ነች። በር አጠገብ ትቀመጣለች፣ ብዙ አትናገርም፣ ሁለት ትናንሽ ልጆች አሏት። ባሏ በሕመም ከሞተባት ዓመት ግድም ሆኗት ነበር። አንድ ሐሙስ እጇን ስትታጠብ ጎንበስ ብላ ነገረችኝ። የባሏ ወንድም ዲንሳ ሊያገባት ይፈልጋል።

የውርስ ጋብቻ የሚሉት ነው። የሟች ወንድም ሚስቲቱን ከነቤቱ፣ ከነልጆቹ ይወስዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ይቃወመዋል፤ ሰዉ ግን ስሙን ቀይሮ «ልጆቹን መሰብሰብ» ይለዋል። ዲንሳም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ሠራተኛ ነው። «እሱ ሚስት የለው፣ እሷ ባል የላት» ይላል አገሩ፣ ነገሩ እንዲህ የቀለለ ይመስል። እንቢ ካለች ደግሞ በአገሩ ልማድ ልጆቹ የአባታቸው ዘመዶች ናቸው፤ ቤቱም እርሻውም ከልጆቹ ጋር ይሄዳል።

«አልፈልገውም» አለችኝ ደሚቱ። «ባሌን ወድጄ ነበር ያገባሁት። አሁን ደግሞ ቤቴን ብቻዬን መያዝ እችላለሁ። እያረስኩም ነው።»

«ፍርድ ቤት ሂጂ፤ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው» አልኳት።

«ፍርድ ቤት መሬቱን ይሰጠኝ ይሆናል፣ አዴ አልማዝ። ጎረቤት ግን አይሰጠኝም። ማን ልጄ ሲታመም አብሮኝ ያድራል? ማን አዝመራዬን ያግዘኛል?» ብላ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ገባች።

እንግዲህ ያኔ የምናነበው መጽሐፍ ሽፋኑ የተገነጠለ ትርጉም ነበር፤ ደራሲውን እንኳ አናውቀውም። ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩበት ደሴት ነው። ማርታ የምትባል ሴት ባሏን ባሕር ይወስድባታል። የባሏ ወንድም ቤቷንም፣ ጀልባዋንም፣ እሷንም ሊወርስ ይመጣል። እንቢ ስትለው ጀልባዋን ወስዶ ከራሱ ደጅ ያስራል፤ እሷም በሯን ትዘጋበታለች። ይህን መጽሐፍ ለደሚቱ ብዬ አልመረጥኩትም። ተራው ደርሶ ነው፤ የባሏ ወንድም የሚመጣው ታሪኩ ገፋ ካለ በኋላ ስለሆነ እኔም ሳነብ ነው ያየሁት። ሳየው ደነገጥኩ፤ ቀና ብዬ ደሚቱን ባያት ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ቀጠልኩ።

እንደ አዴ አያንቱ ደንብ ባሕሩን ዴዴሳ ወንዝ አልኩት። ጀልባዋን ደግሞ ምን ልበል? ኑሮዋ የቆመበት ነገር ነው። «በሬዎቿን» አልኳቸው። ሴቶቹ ወዲያው ገባቸው፤ በሬ የሌለው ገበሬ ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል?

ዘይነባ ቅዳሜ ገበያ ወረደች። በርበሬ እየሰፈረች «ሰማችሁ ወይ! ማርታ የምትባል፣ ባሏን ዴዴሳ የወሰደባት፣ የባሏ ወንድም በሬዎቿን ቢይዝባት በሩን ጥርቅም አላደረገችበትም? ወላሂ ጀግና ናት!» ብላ ለሰማ ላልሰማ ተናገረች። መጽሐፍ ነው ማለቱን ረስታ ነው ወይስ ለደስታዋ ትታው ነው፣ እስከ ዛሬ አታምንም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ወሬው ቀበሌ ለቀበሌ ዞረ። ጉቴ ራሷ ትንሽ ብትሆንም ዙሪያዋ ሰፊ ነው፤ ማርታ የሚባል ስም ደግሞ በአገሩ ሞልቷል። አንዱ ቀበሌ ማርታ ወዲያ ማዶ ናት ሲል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ወዲህ ናት ይላል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማንበብ ልጀምር ስል በሩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በትራቸውን ይዘው። ከፊት ያሉት ኦቦ ነገራ ናቸው፤ የአገር ሽማግሌም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም፣ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው።

«አካም ኦልተኒ፣ እንዴት ዋላችሁ» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ተነስተው «ፈያ» ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ተቀመጡ። ኦቦ ነገራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አዴ አልማዝ፣ ማርታ ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ትገኛለች ሲሉ ሰምተን ነው» አሉኝ።

«የትኛዋ ማርታ፣ አባ?»

«ያቺ ባሏን ወንዝ የወሰደባት። የሰው ገመና ገበያ ላይ ወጥቶ እኛ ቤታችን መቀመጥ ነውር ነው። ጥሪልንና ከባሏ ወንድም ጋር እናስታርቃት።»

ዘይነባ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለውን ተረት ሳስበው እኔም ከንፈሬን ነከስኩ።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ማርታ የመጽሐፍ ሰው ናት።»

«የመጽሐፍ ቅዱሷ? የአልዓዛር እህት?» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

«አይደለችም። የልብ ወለድ ናት። ይኸው» ብዬ ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ አሳየኋቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ኦቦ ነገራ መጽሐፉን አዩ፣ በትራቸውን አዩ፣ ዘይነባንም አዩ። ከዚያ «ጃርሳ ከተቀመጠ ነገሩን ሳይሰማ አይነሳም» አሉ፤ ጃርሳ ሽማግሌ ማለት ነው። «ሴቲቱ የለችም እንጂ ነገሩ አለ። አንብቢልን።»

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አንብቤ አላውቅም። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ባሏ ከሞተበት እስከ ዘጋችው በር፣ ቆሜ ተናገርኩላቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንባቸው እያቋረጡ ይጠይቃሉ። ወንድምየው ዱሮ ለሟች እንዴት ነበር? በሬዎቹ የማን ላብ ናቸው? ልጆቹ ማንን ያቀርባሉ? የማያውቁትን ሰው ስም ሳያጠፉ ሁሉንም ለየብቻ ያነሳሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ «የሌለ ሰው አፍ ያስፈልገዋል» ብለው ለወንድምየው ተከራከሩለት፤ ያውም አሳምረው፣ የወንድሙ ቤት እንዳይፈርስ ብሎ ነው አሉ። ሴቶቹ ለማርታ መለሱ። ዘይነባ እንኳ በሥርዓት እጇን አውጥታ ተናገረች። እኔ መጽሐፉን እንደያዝኩ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ፤ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

በመጨረሻ ሦስቱ ጎን ለጎን ሆነው ተማከሩና ኦቦ ነገራ ፈረዱ። ቤቱ የማርታና የልጆቿ ነው። በሬዎቹ ይመለሳሉ። ወንድምየው ለልጆቹ አጎት ነው፤ ያለ ሴቲቱ ፈቃድ ግን ደጇን አይረግጥም። ልጆቹን አይወስድባትም። መረቁ፤ ሁላችንም አሜን አልን።

ደሚቱ ከበሩ አጠገብ ተነሳች። ድምጿ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አባ ኮ፣ እኔም ባሌ ሞቷል። ዲንሳ በመጪው እሑድ ሽማግሌ ሊልክብኝ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እናንተን ነው የሚልከው። ለማርታ የፈረዳችሁትን ለእኔም ፍረዱልኝ።»

ኦቦ ነገራ መሬት መሬት አዩ። እሳቸው የሟች ባሏ ወገን ናቸው፤ ዲንሳንም ከሕፃንነቱ ያውቁታል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ያቺ የመጽሐፍ ናት። አንቺ ግን የእኛ ነሽ።»

ተነሱና ሄዱ። ደሚቱም ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ስንት ዓመት ሙሉ የሩቁን ሴት አቅርቤ፣ ባዕዷን ዘመድ አድርጌ ሳነብ ኖሬ፣ ሽማግሌዎቹ ለባዕዷ ፈርደው ዘመዳቸውን ከለከሏት። ሥራዬ ሁሉ ከንቱ መሰለኝ። ክፍሉን ቆልፌ መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ደሚቱ በሰው ፊት መናገሯን ዲንሳ ሰማና ተዋረድኩ አለ። በማግሥቱ «እኔ ዘንድ ይብሉ» ብሎ በሬዎቿን ነድቶ ወሰደ። የግንቦት ዝናብ ጀምሯል፣ በቆሎ መዘራት አለበት። የእሑዱን ሽምግልና ወደሚቀጥለው እሑድ አዛወረው፤ ያን ቀን እሺ ካላለች ልጆቹ ወደ አጎታቸው ቤት ይሄዳሉ ተባለ። የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። በትሕትና ተቀበሉኝ፣ እሷ ራሷ መጥታ ታመልክት አሉኝ። እሷ አትሄድም።

ነቀምቴ ወጥቼ አዴ አያንቱን አገኘኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ ልጇ ቤት በር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር የሄድኩት።

«ሽማግሌዎቹ መጨረሻውን ሰምተዋል?» አለችኝ።

«የምን መጨረሻ?»

«የመጽሐፉን ነዋ።»

«አልሰሙም። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው ያቆምኩት።»

«እንግዲያው ይመጣሉ» አለች። «ሲመጡ ደንቡን አትርሺ፣ ኢንተሎ።»

አረጀች ብዬ አዘንኩ፤ ያን ዕለት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሌላ ሰው ባማክር ይሻል ነበር ብያለሁ።

ዘይነባ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬዋን ዘርግታ ይህን ጊዜ ፍርዱን ለፈፈች። «ኦቦ ነገራ ለማርታ እንዲህ ብለው ፈረዱላት! የባል ወንድም ያለ ፈቃዷ ደጇን አይረግጥም!» ስሟን ጠቅሰው የመጡ ሽማግሌዎች ስለነበሩ ማርታ መኖሯን ማንም አልተጠራጠረም። ፍርዱም መልካም ፍርድ ነበርና ሰዉ ወደደው። አንዲት ሴት ለአማቷ ልጅ «ኦቦ ነገራ የፈረዱትን አልሰማህም?» ብላ መለሰችለት ሲባል ሰማሁ። ኦቦ ነገራም ለካ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡም ሲወጡም «ለመበለቲቱ ስለፈረዱት ፍርድ እግዚአብሔር ይስጥዎ!» እየተባሉ ይመረቁ ኖሯል። «ዘይነባ፣ ምነው ተይ!» ብላት «አብሽሪ፣ እት አልማዝ፤ እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርኩ» አለችኝ።

ሐሙስ ሆነ። ደሚቱ አልመጣችም። ኦቦ ነገራ ግን መጡ፤ ብቻቸውን። በሩ ላይ ቆመው ሴቶቹ ሲያደርጉ አይተው ነው መሰል እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ገብተው ተቀመጡና ትንሽ እንዳፈረ ሰው «ያቺ ማርታ፣ እንዴት ሆነች መጨረሻዋ?» አሉኝ።

«አባ፣ እዚህ ደንብ አለን» አልኳቸው። «መጨረሻውን ለመስማት መጀመሪያ የራስን መጨረሻ መናገር ነው።»

«እኔማ ተናግሬያለሁ። ፈርጃለሁ።»

«ፈርደዋል። ግን ማን ያስፈጽመዋል? ወንድምየው በሬዎቹን አልመልስም ቢል?»

«እንዴት አይመልስ? የፈረዱት ሽማግሌዎች ቆመው ያስመልሳሉ እንጂ! ፈርዶ መሄድ አለ እንዴ?» አሉ ተቆጥተው። ኦቦ ነገራ የተናገሩትን ራሳቸው የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ፊታቸውን ሲያዞሩ በሩ አጠገብ ያለችውን ባዶ ወንበር አዩ።

«ደሚቱ የት ናት?» አሉ።

«ቤቷ።»

ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወጡ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ደሚቱ ግቢ ሄድን፤ የሐሙስ ሴቶች ሁሉ። በኦሮሞ ልማድ እርጥብ ሣር ይዞ የሚለምንን ሰው ሽማግሌ ሳይሰማው አይሰደውም። እያንዳንዳችን ከመንገድ ዳር ሣር ነጭተን ይዘን ነበር፤ ዘይነባም ይዛለች። ከደሚቱ ኋላ ተቀመጥን። ዲንሳ ተነስቶ የወንድሙን ስም ጠርቶ ተናገረ፤ እንባው መጣ፣ እውነተኛ እንባ ነበር። ልጆቹ የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው ያዩታል።

ኦቦ ነገራ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ናታን ለዳዊት የነገረውን ምሳሌ ሰንበት ትምህርት ቤት ስንቴ አስተምሬያለሁ» አሉ። «ዳዊት በሰው የፈረደ መስሎት በራሱ ፈረደ፤ እኔም በራሴ ሲደርስ አላወቅኩትም። ዲንሳ፣ አንተ ልጄ ነህ። ግን አንድ አፍ ሁለት ፍርድ አይናገርም። ለማላውቃት ሴት የሰጠሁትን ለማውቃት እንዴት እከለክላለሁ? በሬዎቹን ዛሬ ትመልሳለህ፤ እኔም አብሬህ እነዳለሁ። ልጆቹ እዚሁ ናቸው። ቤቱ የደሚቱ ነው።»

ዲንሳ እንባውን በእጁ ጠረገ። ከዚያ «እሺ፣ አባ» አለ፤ ያለውም በመከራ ነው። በሬዎቹ ከመምሸቱ በፊት ግቢው ገቡ። ደሚቱ አላለቀሰችም፣ እልልም አላለችም። የበሬዎቹን ትከሻ በእጇ ዳሰሰችና «ነገ አርሳለሁ» አለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ የማርታን መጨረሻ አነበብኩ። ኦቦ ነገራም ነበሩ። ማርታ ቤቷን ለወንድምየው ትታ፣ ልጆቿን ይዛ፣ በመርከብ ወደ ማታውቀው ከተማ ሄደች፤ እዚያም ራሷን ቻለች። ደራሲው ይህን እንደ ድል ነው የጻፈው። መጽሐፉን ስዘጋ ሴቶቹ አኩርፈው ነበር። ኦቦ ነገራ ግን በደራሲው ተናደዱ። «በዚያ አገር ሁሉ አንድ ጃርሳ ጠፋ?» አሉ። «እንዴት ሴቲቱን ከአገሯ ያስወጧታል?» ደሚቱ ሳቀች። በዚያ ክፍል ውስጥ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ጡረታ ነኝ፤ ጊዜ ሞልቶኛል። ባለፈው ሰሞን ጉቴ ወርጄ ደሚቱ ግቢ ተቀመጥኩ። ልጆቹ አድገዋል፤ ትልቋ ነቀምቴ ትማራለች። ደሚቱ ጥጃ ታስራለች፣ እኔ በወሬ አሰለቻታለሁ። ደጅ ላይ የሰው ድምፅ ሰማን። ዲንሳ ነው። ሸብቷል። ወንድሙ እንደሞተ ሰሞን እንደ ራሱ ቤት ሳይጣራ ዘው ብሎ ይገባ የነበረ ሰው፣ አጥሩ ሥር ቆሞ «ወራ መና! ቤቶች!» እያለ ይጣራል። ለልጆቹ ማር ይዞ ነው የመጣው።

እኔ ልነሳና ልከፍት ስል ደሚቱ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ጥጃዋን አስራ ጨረሰች፣ ገመዱን ሳብ አድርጋ አየችው፣ እጇን ጠረገች። እሱም ቆሞ ጠበቀ።

«ኮቱ» አለችው ከዚያ። «ግባ።»